የከተማ ዳር መሬት ለውጥን በነፃ የሳተላይት መረጃ መከታተል፦ ሱሉልታን ይዘን ደረጃ በደረጃ

ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ሲወርዱ የሱሉልታ ሜዳ ይከፈታል። ድርቆሽ ይታጨድበት የነበረው ቦታ ላይ መጋዘን ቆሟል፣ ጤፍ የበቀለበት በቆርቆሮ ታጥሯል። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ስንት ሄክታር ተለወጠ? ከመቼ ወዲህ? የተወሰደው እርሻ ነበር ወይስ ግጦሽ? እዚህ ላይ ግን ሁሉም የየራሱን ግምት ይናገራል። የገበሬ መሬት በግምት ሲነገርለት የሚጎዳው ገበሬው ነው።

መረጃው በነፃ አለ። መካከለኛ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ካላችሁ ትሠሩታላችሁ። መመሪያውን የጻፍኩት ለተማሪ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለወረዳ ባለሙያና ስለ አካባቢው ለሚቆረቆር ነዋሪ ነው። ሱሉልታን የመረጥኩት የከተማ ዳር ችግሮች ሁሉ እዚያ ስለሚገኙ ነው። ዘዴው ግን ለዱከምም፣ ለሰበታም፣ ለባሕር ዳር ዳርቻም ይሠራል።

1. ጥያቄውን አጥብቡ፣ ሳጥን ሥሩ

"የሱሉልታ መሬት ለውጥ" በጣም ሰፊ ነው። እንዲህ አጥብቡት፦ ከጥር 2012 እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. በዚህ ሳጥን ውስጥ ምን ያህል እርሻና ሣር ወደ ግንባታ ተለወጠ?

ሳጥኑ 10 ኪሎ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር ይሁን። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ወይም 10,000 ሄክታር ማለት ነው። የአስተዳደር ወሰን ባትጠቀሙ እመክራለሁ። ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ገብታለች። ወሰን በተነካ ቁጥር የእናንተም ቁጥር ይናጋል። ሳጥን ግን ባለበት ይቆያል።

ከዚያ የመሬት አጠቃቀም ዓይነቶችን ወስኑ። ስድስት ይበቃሉ፦ ግንባታ፣ እርሻ፣ ሣርና ግጦሽ፣ ባሕር ዛፍና ሌላ ዛፍ፣ ውሃና ረግረግ፣ እንዲሁም የድንጋይ ካባና የተገለጠ መሬት። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ መስመር ትርጉም ጻፉ። "የታጠረ ግን ያልተገነባ ቦታ የት ይመደባል?" የሚለውን አሁኑኑ መልሱት። ሥራው መሃል ላይ ስትደርሱ የሚያጣላችሁ እሱ ነው። ከግማሽ ሄክታር በታች የሆነ ለውጥ እንደማትቆጥሩም አስቀድማችሁ ጻፉ። ፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባት ትንሿ ካሬ ናት፤ ግማሽ ሄክታር በ10 ሜትር ፒክስል 50 ፒክስል ነው። ከዚያ ያነሰውን በዚህ መረጃ በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል።

2. የትኛው መረጃ ለምን እንደሚጠቅም

ዋናው ሴንቲኔል 2 ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኮፐርኒከስ ፕሮግራም ሳተላይት ሲሆን የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለተኛው በ2017 ተልከዋል። ሁለት ሳተላይቶች አንድ ላይ ሲሠሩ ያንኑ ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሳሉ። የሚታዩት ቀለሞችና ቅርብ ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) በ10 ሜትር፣ አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ ደግሞ በ20 ሜትር ጥራት ይመጣሉ።

ወደኋላ ራቅ ብላችሁ ማየት ካስፈለጋችሁ ላንድሳት አለ። ፕሮግራሙ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከ2008 ጀምሮ ክምችቱ በሙሉ ለሁሉም በነፃ ክፍት ሆኗል። ከ1984 ወዲህ ያሉት ዋና ምስሎች 30 ሜትር ጥራት አላቸው። ለአንድ ጊቢ አይሆኑም፣ ለሰፈር ግን ይሆናሉ። የላንድሳት 7ን ምስል ከግንቦት 2003 በኋላ ስታገኙ ጥቁር ሽንትር ይኖረዋል። መሣሪያው ተበላሽቶ ነውና ሌላ ምስል ፈልጉ።

ዝግጁ የሆኑ ካርታዎችም አሉ። እነሱን እንደ ማመሳከሪያ ተጠቀሙባቸው። ወርልድ ከቨር እ.ኤ.አ. የ2020 እና የ2021 ካርታ በ10 ሜትር ይሰጣል። ሁለቱን አቀናንሶ ለውጥ ማውጣት ግን አይቻልም። የተሠሩበት ስልት የተለያየ ስለሆነ የምታገኙት ልዩነት ግማሹ ከመሬቱ፣ ግማሹ ከስልቱ ይሆናል። ዳይናሚክ ወርልድ እ.ኤ.አ. ከ2015 አጋማሽ ወዲህ ደመና ላልበዛበት የሴንቲኔል ምስል ሁሉ ዘጠኝ ዓይነት ምደባ ይሰጣል። ኦፕን ቢልዲንግስ የተባለው የጎግል መረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2023 በየዓመቱ ሕንፃ የት እንዳለ ያሳያል። መንገድና የቦታ ስም በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ክፍት ካርታ፣ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ይገኛል።

ጎግል ኧርዝ ፕሮ ላይ የድሮ ምስሎችን እያንሸራተቱ ማየት በጣም ይጠቅማል። ማየት ነፃ ነው፣ መረጃው ግን ክፍት አይደለም። ከዚያ ላይ ቀድታችሁ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ አትጫኑ።

3. ምስሉን መርጣችሁ አውርዱ

ኮፐርኒከስ ብራውዘር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተመዝገቡ። ሱሉልታን ፈልጉ፣ ሳጥናችሁን ሳሉ፣ ሴንቲኔል 2 ሌቭል 2ኤ የሚለውን ምረጡ። ሌቭል 2ኤ ማለት የአየሩ ተፅዕኖ የተስተካከለለት ምስል ነው። የደመና መጠኑን ከ10 በመቶ በታች አድርጉት።

ሴንቲኔል ምድርን በሰሌዳ ከፋፍሎ ነው የሚያቀርበው። አዲስ አበባ የሁለት ሰሌዳዎች መገናኛ ላይ ናት። የከተማው መሃልና ደቡቡ 37ፒዲኬ በሚባለው ውስጥ፣ ሱሉልታ ደግሞ 37ፒዲኤል ውስጥ ናቸው። ሱሉልታን ብቻ ከያዛችሁ አንዱ ሰሌዳ ይበቃል።

አንድ ሙሉ ምስል አንድ ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በሞባይል ዳታ ለምትሠሩ ይህ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሙሉውን አታውርዱ። ምስሉ ለየብርሃኑ ዓይነት በተለያዩ ንብርብሮች፣ ማለትም ባንዶች፣ ይመጣል፤ የሚያስፈልጓችሁ ቢ2 (ሰማያዊ)፣ ቢ3 (አረንጓዴ)፣ ቢ4 (ቀይ)፣ ቢ8 (ቅርብ ኢንፍራሬድ) እና ቢ11 (አጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ) ናቸው። ብራውዘሩ በሳላችሁት ሳጥን ልክ ቆርጦ ባንዶቹን ለየብቻ ማውረድ ይፈቅዳል። የደመና መለያ ንብርብሩንም አብራችሁ ውሰዱ።

ወቅቱን በጥንቃቄ ምረጡ። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ስለሆነ እርሱት። ሳተላይቱ የሚያልፈው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በበጋ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ግን አንድ የጥር ምስል አይበቃም። ለእያንዳንዱ ዓመት ቢያንስ ሦስት ውሰዱ፦ አንድ ከጥቅምት፣ አንድ ከኅዳር፣ አንድ ከጥር። ለምን እንደሆነ 6ኛው ደረጃ ላይ ይታያችኋል።

ፋይሉ ስም ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች ነው። 20250115 የሚል ቢሆን ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ሁለቱንም መዝግቡ። መስክ ወጥታችሁ ገበሬ ስትጠይቁ የሚነግራችሁ በኛ አቆጣጠር ነው።

4. ኪውጂአይኤስ ላይ አዘጋጁ

ኪውጂአይኤስ ነፃ የካርታ ሥራ ፕሮግራም ነው። የፕሮጀክቱን መለኪያ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ በቁጥር ኢፒኤስጂ 32637 አድርጉ። ከመንግሥት ቢሮ የድሮ ካርታ ወይም የይዞታ ፋይል ካገኛችሁ ግን ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ አዲንዳን በሚባለው በቆየው የካርታ መለኪያ የተሠራ ነው፣ ቁጥሩ 20137። ሁለቱን ሳታመሳክሩ ብትደርቡ መሬቱ ከ100 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። የአንዱ ገበሬ ማሳ የሌላው ላይ አርፎ ታገኙታላችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት ግን ውጤት የምታበላሽ ነገር። የሴንቲኔል የአሠራር ቅጂ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ 1,000 ይደመራል። የድሮ ምስሎችም እንደገና ተሠርተው ስለወጡ አንዱን ቀን በሁለት ቅጂ ልታገኙት ትችላላችሁ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የምስሉን ሙሉ ስም እዩ። ኤን ከምትለው ፊደል ቀጥሎ አራት አሃዝ አለ። 0400 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 1,000 ቀንሳችሁ ለ10,000 አካፍሉ። ከዚያ በታች ከሆነ ለ10,000 ማካፈል ብቻ ነው። ብራውዘሩ ባንዶቹን ቆርጦ ሲሰጣችሁ ይህን ራሱ ሊያስተካክለው ስለሚችል ፒክስሎቹን ጠቅ እያደረጋችሁ አረጋግጡ። በዜሮና በአንድ መካከል ያለ ነጥባዊ ቁጥር ካያችሁ ተስተካክሏል። ይህን ዘልሎ 2012ን ከ2017 ጋር ያወዳደረ ሰው የሌለ ለውጥ ያገኛል።

5. ቁጥር ውስጥ ሳትገቡ በዓይን እዩ

ቢ8ን በቀይ፣ ቢ4ን በአረንጓዴ፣ ቢ3ን በሰማያዊ ቦታ አድርጋችሁ ክፈቱ። የበቀለው ሁሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ደማቅ ቀይ ነው። አዲስ ቆርቆሮ ነጭ ሆኖ ያበራል፣ የቆየና የዛገ ቆርቆሮ ግን ደብዝዞ አፈር ይመስላል። የታረሰ ጥቁር አፈር ወደ ጥቁር ሰማያዊ ያደላል።

ሁለቱን ዓመታት እያፈራረቃችሁ አብሩና አጥፉ። መጀመሪያ ቤት ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ መስመር ፈልጉ። መሬት ሲሸነሸን ቀድሞ የሚታየው ቀጥ ያለ፣ እርስ በርሱ የሚቋረጥ የጠጠር መንገድ ነው። የገበሬ ማሳ ድንበር መሬቱን ተከትሎ ይጠማዘዛል። የሽንሻኖ መስመር ግን ኮረብታውንም ረግረጉንም ቀጥ ብሎ ያልፈዋል። ቤቱ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ውሳኔው ግን ያኔ ተወስኗል። እንዲህ ያሉትን ቦታዎች በፖሊጎን (በተዘጋ መስመር) ከባችሁ ለብቻ ፋይል አስቀምጡ።

6. የዓመቱን ከፍተኛ አረንጓዴ አውጡ

ብዙ መመሪያ "የግንባታ መለኪያ" የሚባለውን ቀመር ይሰጣችኋል፦ ቢ11 ሲቀነስ ቢ8፣ ለሁለቱ ድምር ይካፈል። እዚህ አገር በጥር ወር ብቻውን ብትጠቀሙበት ያሳስታችኋል። በጥር የሱሉልታ ሣር ታጭዶ ደርቋል፣ ጤፉ ታጭዶ ገለባው ቀርቷል። ደረቅ መሬትና ቆርቆሮ በዚህ ቀመር ይቀራረባሉ። ግማሹ ሜዳ "ከተማ" ሆኖ ይወጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የአረንጓዴ መለኪያውን ለሦስቱም ቀናት አስሉ፦ ቢ8 ሲቀነስ ቢ4፣ ለድምራቸው ይካፈል። የኪውጂአይኤስ ራስተር ካልኩሌተር ይበቃል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከሦስቱ ትልቁን ቁጥር ያዙ። ያ የዓመቱ ከፍተኛ አረንጓዴ ነው። ማሳ በጥር ባዶ ቢሆንም በጥቅምት አረንጓዴ ነበር። ሣሩም እንዲሁ። ቤትና አስፋልት ግን በየትኛውም ወር አይለመልሙም። ያን ጊዜ ከተማውና ማሳው ይለያያሉ።

መለያውን ቁጥር ከሌላ ቦታ አትቅዱ። ግንባታ መሆኑን በእርግጠኝነት የምታውቁትን 20 ቦታ፣ ማሳ መሆኑን የምታውቁትን 20 ቦታ ምረጡና ቁጥራቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። የሚለያዩበት ቦታ ይታያችኋል። በ2012 ከዚያ በላይ የነበረ፣ በ2017 ከዚያ በታች የሆነ ፒክስል "ለውጥ ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ ይያዛል። ከግማሽ ሄክታር በታች የሆኑትን ብጥስጣሾች ሲቭ በሚባለው መሣሪያ አጥፏቸው።

የቀረውን አንድ በአንድ እዩት። የሚያሳስቱት የታወቁ ናቸው። የድንጋይ ካባ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው፣ ቤት ግን አይደለም። የአበባ እርሻ የላስቲክ ቤት ግንባታ ይመስላል፣ እሱንም ለብቻ መድቡት። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ትልቅ ለውጥ ይመስላል፣ ግን ጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታደላ የእንጦጦ ሰሜናዊ ተዳፋት ጥላ ይሆናል። ክረምት ውሃ የተኛበት ረግረግም ዘግይቶ ስለሚለመልም የጥቅምቱ ምስል ላይ ሊያታልል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ታጥሮ የተቀመጠው መሬት ነው። ገበሬው ከወጣ ቆይቷል፣ አጥሩ ቆሟል፣ ውስጡ ሣር በቅሏል። ሳተላይቱ ሣር ያያል። የመሬቱ ሽፋን አልተለወጠም፣ አጠቃቀሙ ግን ተለውጧል። ይህን የሚይዘው 5ኛው ደረጃ ላይ በእጅ የከበባችሁት ፋይል ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥር ይኑራችሁ፦ "የተገነባ" እና "የተሸነሸነ ወይም የታጠረ ግን ያልተገነባ"። አትደባልቋቸው። ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ሪፖርት ላይ የለም። ለኔ ግን ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት እሱ ነው፤ አራሽም ነዋሪም ሳያገኝ የሚቆመው መሬት እሱ ነውና።

ጊዜ ያለው ሰው በናሙና አሠልጥኖ ስድስቱንም ዓይነት መመደብ ይችላል። ሴሚ አውቶማቲክ ክላሲፊኬሽን የሚባለው የኪውጂአይኤስ ተጨማሪ ፕሮግራም ይህን ይሠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ግን ከላይ ያለው ይበቃል።

7. ስህተቱን ቁጠሩ

ለውጥ የሚል ካርታ አሁን በእጃችሁ አለ። ሄክታሩን ደምራችሁ ለመናገር አትቸኩሉ።

ካርታችሁ 400 ሄክታር ተለውጧል፣ 9,600 አልተለወጠም አለ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። "ተለውጧል" ከሚለው ክፍል 100፣ "አልተለወጠም" ከሚለው 200 ነጥብ በዕጣ አውጡ። ኪውጂአይኤስ ዕጣውን ራሱ ያወጣል። ከዚያ እያንዳንዱን ነጥብ ጎግል ኧርዝ ፕሮ ላይ በሁለቱም ዓመት ፈትሹ። የሚፈትሸው ሰው ካርታው ምን እንዳለ ማየት የለበትም። ሁለት ሰው ለየብቻ ቢፈትሽና የተለያያችሁበትን አብራችሁ ብታዩ ደግሞ የተሻለ ነው።

ከ100ው 80ው እውነት ተለውጦ ተገኘ እንበል። 80 በመቶ ማለት ነው፣ ከ400 ሄክታር 320። ከ200ው ደግሞ 4ቱ ካርታው ያለፋቸው ለውጦች ሆኑ። 2 በመቶ ብቻ ነው፣ ግን የ9,600 ሄክታር 2 በመቶ 192 ሄክታር ነው። ድምሩ 512 ሄክታር። ካርታው 400 ብሎ ነበር። ትንሽ የምትመስል ስህተት ሰፊ መሬት ላይ ስትሆን እንዲህ ናት።

እርግጠኛነታችሁንም አስሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል ስፋቱን በራሱ አባዙ። ያንን በተለወጠው ድርሻና ባልተለወጠው ድርሻ አባዙ፣ ከዚያ ለነጥቦቹ ብዛት ሲቀነስ አንድ አካፍሉ። የሁለቱን ክፍሎች ውጤት ደምራችሁ ስኩዌር ሩት ውሰዱ፣ በ1.96 አባዙ። በምሳሌያችን 190 ሄክታር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ የምትጽፉት "512 ሄክታር፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 190" ነው። ሰፋ አለ ብላችሁ አትደብቁት። ማጥበብ ከፈለጋችሁ ለመንገድና ለነባር ግንባታ የቀረበውን መሬት ሦስተኛ ክፍል አድርጋችሁ ከመጀመሪያው ለዩትና እዚያ ብዙ ነጥብ ጣሉ። ካርታው የሚያልፈው ለውጥ በብዛት እዚያ ነው።

የኦፕን ቢልዲንግስን እ.ኤ.አ. የ2020 እና የ2023 መረጃ ከናንተ ጋር ደርቡት። ሁለቱ የተስማሙበትን ለቀቅ አድርጋችሁ ያልተስማሙበት ላይ ጊዜ አጥፉ።

8. መስክ ውጡ

አጠራጣሪ ነጥቦችን ኪውፊልድ በሚባለው የስልክ ፕሮግራም ጫኑ። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ከተቋማችሁ የትብብር ደብዳቤ ያዙ፣ መጀመሪያ ወደ አስተዳደሩ ቢሮ ጎራ በሉ። ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሡ። አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው አብሯችሁ ይሁን።

ገበሬውን "ስንት ሄክታር ተወሰደብዎ?" ብላችሁ አትጀምሩ። የሚያስፈራና ቁስል የሚነካ ጥያቄ ነው። ሰላምታውን በወጉ ስጡ፣ የመጣችሁበትን ንገሩ፣ ከዚያ "አባቴ፣ እዚህ ቦታ ከመታጠሩ በፊት ምን ይበቅልበት ነበር?" በሉ። እርሻና ግጦሽን የሚለይላችሁ ይህ መልስ ነው። ስም አትመዝግቡ። ቤትም ሰውም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ።

9. ስትጽፉ

ሳተላይት የጨረቃ ቤትን ካርታ ካለው ቤት አይለይም። የማን እንደሆነ፣ ካሳ ተከፍሎበት እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ "ተለወጠ" በሉ እንጂ "ሕገወጥ" አትበሉ። ቤት የሚያስፈርስ ቃል ከ10 ሜትር ፒክስል ላይ ተነሥቶ መጻፍ የለበትም። የአንድን ቤተሰብ ጊቢ ነጥሎ የሚያሳይ ካርታም አታውጡ። በ500 ሜትር ካሬ መረብ አጠቃልላችሁ አሳዩ።

የመረጃውን ምንጭ ጥቀሱ። ለሴንቲኔል "የተሻሻለ የኮፐርኒከስ ሴንቲኔል መረጃ" ብላችሁ ዓመቱን ጨምሩ። ኦፕን ስትሪት ማፕን ከተጠቀማችሁ ባለመብቶቹ አስተዋጽዖ አድራጊዎቹ መሆናቸውን ጻፉ። የምስሎቹን ቀን፣ የመደባችሁበትን ትርጉም፣ የለያችሁበትን ቁጥርና የፈተሻችኋቸውን ነጥቦች ሁሉ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ፎልደሩን ለዩኒቨርሲቲው፣ ለወረዳው የመሬት ቢሮና ለጠየቀ ነዋሪ ስጡ። በሚቀጥለው ጥር ሌላ ሰው ያንኑ ሳጥን፣ በዚያው ትርጉም፣ ከናንተ ሳይጠይቅ መድገም ከቻለ ፎልደሩ ሙሉ ነው።